እስከ ጉልበት ነው ያለችው በቀቀን

አንድ ጊዜ፣ ግመሎች ከቆላ ጨው ጭነው በሚያልፉበት አገር፣ እመት ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ዳለቻ ያሏት ዐመድ በመሰለው ቀለሟ ነው። ሥራዋ የሰፈሩን ጠቦት፣ ጥጃ፣ ግልገልና ውርንጭላ ሰብስባ ወንዝ መሻገር ማስተማር ነበር።

አህያ ወንዝ ዳር ደርሳ ቀጥ ስትል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከኋላ ይገፏታል፣ ከፊት ይጎትቷታል፣ እሷ ወይ ፍንክች። ሰው ይህን አይቶ ግትር ይላታል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። አህያ እግሯ የሚያርፍበትን ሳታውቅ አትረግጥም፤ አለቀ። እመት ዳለቻም የምታስተምረው ይህንኑ ነበር። መጀመሪያ ውሃውን ማሽተት። ቀጥሎ አንድ የፊት እግር ብቻ ሰድዶ ታች ያለውን መጫን፤ ድንጋይ ነው? ጭቃ ነው? ወይስ ምንም የለም? ከዚያ፣ ነገሩ ካላማረ፣ ሳያፍሩ መመለስ። ልጆቹን የሚከብዳቸው ይህ የመጨረሻው ነበር። ስለዚህ እሷ ዘንድ ዘሎ ከተሻገረው ይልቅ አይቶ የተመለሰው ነበር የሚመሰገነው።

ትምህርቱ ሁለት ክረምት ይፈጃል። አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ የጨረሱት ልጆች በየራሳቸው እግር እየፈተኑ ሣሩ ወደ ለመለመበት ወደ ማዶው መስክ ይሻገራሉ። በእሷ ዘመን ወንዝ የወሰደው አንድም ልጅ አልነበረም።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ቀበሮ ከሸምበቆ የተሠራ የወፍ ቤት አንጠልጥሎ አያ አንበሳ ደጅ ደረሰ። ውስጡ አረንጓዴ በቀቀን አለች። ሰፈሩ በሙሉ ተሰበሰበ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይህች ወፍ የማታውቀው ነገር እንደሌለ፣ የጠየቋትንም ሁሉ እንደምትመልስ፣ ለሰፈሩ ልጆች ሲል ከሩቅ ተሸክሞ እንዳመጣት ተናገረ።

ላሚቱ ሆዱ ለተነፋ ጥጃ ምን እንደሚበጅ ጠየቀች፤ በቀቀኗ መለሰች። እመት ፍየሊት የኮረብቶቹን ስም ጠየቀች፤ በቀቀኗ ሰባቱንም ደረደረችላት። ድምጿ ማር ነው። አታመነታም፣ አትንተባተብም። ላሚቱ ከመገረሟ የተነሳ የምታመነዥከውን ረሳች። በመጨረሻ አያ አንበሳ ጎፈሩን አራግፎ፣ ከአራዊት ሁሉ ጠቢቡ ማን እንደሆነ ጠየቃት።

«አያ አንበሳ ነዋ» አለች በቀቀኗ።

ከዚያ ወዲያ አያ አንበሳን ማን ይመልሰው።

እመት ዳለቻ ብቻ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጥፋ ቆማለች። የተናደደች አህያ ምልክቷ ይህ ነው።

«አያ ቀበሮ፣ ይህን ሁሉ ከማን ሰምታ ነው?» አለችው።

«ከሁሉም። ሦስት በጋ ሙሉ ገበያው ዋርካ ላይ ተሰቅላ ነው የኖረችው። በዚያ ያለፈ ሁሉ ያወራውን ይዛለች።»

«ወንዝ ገብታስ ታውቃለች?»

ቀበሮ ለእሷ ሳይሆን ለተሰበሰበው ፈገግ አለ። «እመት ዳለቻ፣ ፀሐይ እንደምታቃጥል ለማወቅ ፀሐይ ውስጥ መግባት አለብን እንዴ?»

የሰፈሩ ሳቅ ኮረብታው ድረስ ተሰማ። እመት ዳለቻ የምትመልሰው ጠፋት። መልሱ የመጣላት ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ሣር ስትግጥ ነው። «ፀሐይንማ ጀርባዬ ያውቃታል» አለች ለራሷ፤ ግን ማን ይስማት። በሰዓቱ ያልተገኘ መልስ ደግሞ እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

አያ አንበሳ ፍርዱን ሰጥቶ ነበር። ወፏ በአንድ ትንፋሽ የምትናገረውን ለመማር ሁለት ክረምት መፍጀት ኋላ ቀርነት ነው አለ። የማዶው ተራራ አንበሳ ይህን ሰምቶ ሳይቀድመን ልጆቻችን ከነገ ጀምረው ከበቀቀኗ ይማሩ አለ። እመት ዳለቻ ለግቢው አጥር ድንጋይ እንድታመላልስ ታዘዘች። ለቀበሮ ደግሞ ስለ ውለታው ዶሮዎች በየሳምንቱ እንቁላል እንዲወስዱለት ተወሰነ። ዶሮዎቹን የጠየቃቸው አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በቀቀኗ ውሸታም አይደለችም። ክፋትም የላትም። ጥያቄ ሲመጣላት፣ ስለዚያ ነገር ገበያ ላይ ደጋግማ የሰማችውን ቃል ታነሳለች፤ ከዚያ ቃል ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚመጣውን ቃል ታስከትላለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለች ያማረ ንግግር ትሠራለች። አያ አንበሳን ጠቢብ ያለችውም ገበያተኛው ሁሉ አንበሳ ይሰማኛል ብሎ እየፈራ እንዲያ ሲል ስለኖረ ነው። የምትናገረው እውነት ይሁን አይሁን መርምራ የምታውቅበት እግር ግን የላትም። ይህን ለልጆቹ የነገራቸው ማንም አልነበረም። ቀበሮ ያውቃል፤ አልተናገረም። ሌሎቹ ለማወቅም አልጠየቁም።

ሁለት ወር ሆነ። የእመት ዳለቻ የመጨረሻ ልጅ ቡላ የሚባል ውርንጭላ ነበር። ድሮ አፍንጫውን ያልነካ ነገር አልነበረም፤ ድንጋይ ያሸታል፣ እበት ያሸታል፣ የእናቱን ጆሮ ያሸታል። አሁን ግን እናቱ የተለየ ሣር አሳይታ ምን ምን ይላል ስትለው፣ ነገ በቀቀኗን እጠይቃለሁ ይላል። አንድ ቀን ጠዋት እርጥብ መንገድ ላይ አንዲት ኩሬ አጋጠመችው። የዝንጀሮ መዳፍ የማታክል ኩሬ። ቆመ። እግሩን አነሳ፣ መለሰ። እንደገና አነሳ፣ መለሰ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው እናቱ።

«ይህችን አልጠየቅኳትማ» አላት።

ያን ጊዜ ጮኸችበት። ጮኻበት የማታውቀው ልጅ ደንግጦ ሲያያት ግን ንዴቷ በልጁ ላይ እንዳልሆነ ገባት። አፍንጫ ይዞ የተወለደን ልጅ አፍንጫውን ያስረሱት ትልልቆቹ ናቸው። ለአጥሩ የምታመላልሰውን ድንጋይ እንደተሸከመች ቀጥ ብላ ትምህርቱ ወደሚሰጥበት ግራር ሄደች።

ቀትር ነው። ቀበሮ በእንቁላል ቅርፊት ተከቦ ጥላ ሥር አንቀላፍቷል። ልጆቹ ተሰልፈው በቀቀኗን ይጠይቃሉ፣ ትመልሳለች፣ ያልፋሉ። የሚከራከር የለም። እመት ዳለቻ ሰልፉን ይዛ ቆየችና ተራዋ ሲደርስ የሾላው ዛፍ ያለበት መሻገሪያ ውሃው ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀች። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ የሚሻገሩት በዚያ ነበር።

«እስከ ጉልበት ነው፤ ሳትሰጉ ተሻገሩ» አለች በቀቀኗ።

«ከማን ሰማሽ?»

«እስከ ጉልበት ነው፤ ሳትሰጉ ተሻገሩ።»

እመት ዳለቻ ጆሮዋን አቀናች። ቃሉ ሲወጣ በአፍንጫ በኩል ነው፤ መጨረሻው ላይም ጎተት ይላል። ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። ጨው ጭነው የሚያልፉ ግመሎች ናቸው እንዲህ የሚያወሩት። ለካ ወፏ ያን የሰማችው ከግመሎች ነው። ግመሎቹም እውነታቸውን ነው፤ ለእነሱ እስከ ጉልበት ነው። በግመል ጉልበት። በዚያ ላይ እነሱ የሚያልፉት በበጋ ነው፤ አሁን ግን ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ግመልን ጉልበቱ ላይ የሚነካ ውሃ ጠቦትን ከነጆሮው ይውጣል። ቡላን አንገቱ ላይ ያንቀዋል።

ድንጋዩን ጥላ ወደ አያ አንበሳ ሮጠች። የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። እሱ ግን አጥሩ ወዴት ይታጠፍ በሚለው ተጠምዶ ነበር፤ ሥራሽን ስለወሰደችብሽ ቀንተሽ ነው አላት። ቀበሮ ከእንቅልፉ ተነስቶ መጥቶ፣ እመት ዳለቻ ዕድሜዋ ስለገፋ አዲስ ነገር ቢከብዳት አይፈረድባትም ብሎ አዘነላት። ከሁሉ የከፋው ያ ሐዘኔታው ነበር። እመት ፍየሊት በበኩሏ፣ ልጄ አሁን የሰባቱን ኮረብታ ስም ይጠራል፣ አንቺ ዘንድ ሁለት ክረምት ጭቃ ከማሽተት ሌላ ምን ተማረ ስትል ሰው ፊት አሽሟጠጠቻት። እመት ዳለቻ ያን ቀን ሣር አልቀመሰችም።

በዚያው ሰሞን ሌላም ጠያቂ ነበር። አያ ጅቦ። ቀበሮ ባንቀላፋበት ሰዓት ከቁጥቋጦ ብቅ ብሎ፣ ለስላሳ ሥጋ የት እንደሚገኝ በቀቀኗን ጠየቃት። ወፏ ምስጢር የሚባል ነገር አታውቅም። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ስለ መሻገሪያቸው ቀን ሲያወሯት ሰንብተዋል፤ የሰማችውን አንድ ሳታስቀር መለሰችለት። አርብ ጠዋት፣ በሾላው መሻገሪያ፣ ጠቦቱ፣ ጥጃው፣ ግልገሉና ውርንጭላው። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። ወንዙ ጥልቅ እንዳይሆን ሰግቶ ግን ያንንም ጠየቃት። እስከ ጉልበት ነው አለችው። ደስ ብሎት ከላይ ባለው ሌላ መሻገሪያ ዞሮ ሄደ፤ ሐሙስን ሙሉ ሳይበላ ማዶ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ዋለ።

አርብ ደረሰ። ፀሐይ ወጥታለች፣ አደይ ወንዙን ዳር ለዳር ይዞታል። አያ አንበሳ ከፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ቀበሮ የበቀቀኗን ቤት ይዞ ከጎኑ ቆሟል። ልጆቹ ተሰልፈዋል፤ ፊተኛው ቡላ ነው። የመጀመሪያ መሆን ፈልጎ ከንጋት ጀምሮ ነበር የቆመው። በቀቀኗ ተጠየቀች፣ እስከ ጉልበት ነው አለች፣ ወላጆች አጨበጨቡ።

ቡላ እግሩን ሲያነሳ እመት ዳለቻ መጣች። ከሕዝቡ መሃል ሰንጥቃ ወጥታ በሾላው ሥርና አጠገቡ ባለው ቋጥኝ መሃል ባለችው ጠባብ መግቢያ ላይ በጎኗ ተጋድማ ቆመች። ጆሮዎቿ ከአንገቷ ተጣብቀዋል።

ላሚቱ በቀንዷ ገፋቻት። እመት ፍየሊት እግሯ ሥር ገብታ ልታስለቅቃት ሞከረች። አያ አንበሳ አገሳ። እመት ዳለቻ ወይ ፍንክች። በግትርነቷ የሚያውቃት ሁሉ እንዲህ ስትገትር ግን አይቶ አያውቅም።

«እማዬ፣ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ» አላት ቡላ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«እፈር ልጄ» አለችው። «አፍረህ ቤት ትገባለህ።»

ማዶ ያለው ግን ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም። ሆዱ ከትላንት ጀምሮ ይጮሃል። ቁርሱ ከፊቱ ተሰልፎ ቆሞ በአንዲት አህያ ምክንያት አይመጣም። አያ ጅቦ ተደብቆ መሆኑን ረሳና ከቁጥቋጦው ራሱን አወጣ።

«ኧረ ምን ይጠበቃል? እስከ ጉልበት ነው እኮ» አለ።

ወላጆች በድንጋጤ ክው አሉ። ጠቦቱ እናቱ ሆድ ሥር ገባ። እመት ዳለቻ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ አንገቷን ብቻ ወደ ማዶ አዞረች።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ደግሞ ከማን ሰማህ?»

«ከበቀቀኗ ነዋ። እናንተስ ከእሷ አይደል የሰማችሁት?»

«እንዲያ ከሆነ አንተው ና። እኔ እንደምታየኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም፣ ሥጋዬም እዚሁ ነው። እስከ ጉልበት ውሃ ምን ያስፈራሃል?»

አያ ጅቦ አሰበበት። ማሰብ ማለት ለእሱ ሆዱን መስማት ነው። ገባ። በመጀመሪያው እርምጃ ውሃው ጉልበቱን ነካው፤ ይኸው አላልኳችሁም ብሎ ሳቀ። በሁለተኛው ደረቱን አገኘው። በሦስተኛው ጆሮዎቹ ብቻ ቀሩ። በአራተኛው ወንዙ ከሥሩ መሬቱን ነጥቆ እያሽከረከረ ወሰደው። ታች ራቅ ብሎ ካለ የጉማሬ መዋያ ጭቃ ላይ አስመልሶ እንደተፋው በኋላ ተሰማ። እስከ ዛሬም መንገደኛ ሲያገኝ የማን ጉልበት ነው እያለ ይጠይቃል ይባላል።

ቡላ አያ ጅቦ የሰመጠበትን ቦታ አየ። እሱ ሊያልፍበት የነበረው ቦታ ነበር። መጥቶ አፍንጫውን እናቱ ሆድ ላይ ቀበረ፤ አሸተታት።

ቀበሮ ቀደም ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተንሸራትቷል። አያ አንበሳ ዓይኑን ሲጥልበት፣ እኔ መቼ አልኩ፣ ያለችው ወፏ ናት ብሎ ጎጆዋን ከራሱ አራቀ። ይህን ሲሰማ ሕዝቡ ግልብጥ አለ። ቅድም ያጨበጨቡት ሁሉ ወፏ ወንዝ ትጣል ማለት ጀመሩ፤ ከሁሉ በላይ የምትጮኸው እመት ፍየሊት ነበረች። ላሚቱ የወፍ ቤቱን በቀንዷ አንጠልጥላ ወደ ውሃው ስትገሰግስ፣ መግቢያው ላይ ያው አህያ እንደቆመች ናት።

«አልለቅም» አለች እመት ዳለቻ። «ወፏ ምን አደረገች? የሰማችውን አለች። የግመል ወሬ ሰምታ የግመል ወሬ ተናገረች። እኔን የሚያቃጥለኝ እናንተ ናችሁ። አንተ አያ ቀበሮ፣ ከየት እንደሰማች እያወቅህ እንቁላልህን እየበላህ ዝም አልክ። አንተ አያ አንበሳ፣ ጠቢብ ስላለችህ ልጆቻችንን ሰጠሃት። እናንተ ደግሞ የሰባት ኮረብታ ስም ስትሰሙ እግር ይኑራት አይኑራት ሳትጠይቁ ቀራችሁ። አንድ ልጅ እንኳ ከማን ሰማሽ ብሎ እንዲጠይቃት አላስተማራችሁም። ዛሬ ይህችን ብትጥሏት ነገ ሌላ ቀበሮ ሌላ ወፍ ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው።»

እመት ዳለቻ የወፍ ቤቱን ከላሚቱ ቀንድ ላይ በጥርሷ አወረደች፣ ልጆቹን በአፍንጫዋ ፊቷ አሰልፋ እየገፋች ወጣች። ወላጆች ይቅርታ ሊጠይቋት ከኋላ ተከተሉ። ዞራ አላየቻቸውም። ቀበሮማ ያን ቀን ከሰፈሩ እንደወጣ አልተመለሰም፤ ዶሮዎቹ ግን አንድ ቀን እንኳ አልናፈቁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀቀኗ ግራሩ ላይ ትሰቀላለች፣ ሥሯ እመት ዳለቻ ትቆማለች። ልጆቹ እንደ ድሮው ይጠይቃሉ፤ ግን መልስ ይዞ መሄድ ቀርቷል። ኮረብታውን ከማን ሰማሽ ይሏታል። ያ የነገረሽ እግሩ ስንት ክንድ ነበር ይሏታል። በበጋ ነው በክረምት ይሏታል። ያለችውን ይይዙና ወርደው ይፈትኑታል። አንዳንዴ ልክ ሆና ትገኛለች፤ ሆድ ለተነፋው ጥጃ ያለችው መድኃኒት ሠርቷል። አንዳንዴ ሰባተኛው ኮረብታ ከነአካቴው የለም። ነጋዴዎች ለማሳመር የጨመሩት ኖሯል። እመት ፍየሊት ይህን ስትሰማ ለሁለት ቀን ከቤቷ አልወጣችም።

አንድ ቀን ቡላ ሲጠይቃት ሲጠይቃት ቆይቶ አንድ ነገር ገረመው። በቀቀኗ አላውቅም ስትል ሰምቶ አያውቅም። እናቱን ሲጠይቃት፣ ገበያ ላይ ማን አላውቅም ይላል፣ ሰምታው አታውቅማ አለችው። ልጆቹ ተመካከሩ። በየጠዋቱ ትምህርት ሳይጀመር ከጎጆዋ ሥር ተሰብስበው፣ አላውቅም፣ አላውቅም እያሉ ያስተምሯት ጀመር። ሲያስተምሯት እነሱም ለመዱት።

የሚቀጥለው አደይ ሲፈነዳ ልጆቹ ወንዝ ወረዱ። ቡላ ፊት ነበር። ውሃውን አሸተተ፣ አንድ እግሩን ሰደደ፣ ተጫነ። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየው ዞሮ ተመለሰ፤ ከላይ ሌላ መሻገሪያ አለ፣ በዚያ እንሂድ አለ። እመት ዳለቻ አንገቱን በፍቅር ነከስ አደረገችው።

አጥሩ ያለቀ ዕለት አያ አንበሳ በግራሩ በኩል አለፈ። ልጆቹ እያዩት መሆኑን አይቶ ጎፈሩን አራገፈ፤ ካንገቱ ቀና ብሎ፣ ከአራዊት ሁሉ ጠቢቡ ማን እንደሆነ በቀቀኗን ጠየቃት።

በቀቀኗ ራሷን ጋደል አደረገች። «አላውቅም» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ በአህያ ድምፅ፣ «ከማን ሰማህ?» አለችው።

እመት ዳለቻ ከዚያች አርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዎቿን ቀጥ አድርጋ አቆመች።

ከዚህ የምንማረው፣ የጠየቁትን ሁሉ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለልጆች ከመስጠታችን በፊት መልሱ ከማን እንደተሰማ መጠየቅን፣ በራሳቸው እግር መፈተንንና ሳያፍሩ አላውቅም ማለትን ልናስተምራቸው እንደሚገባ፣ ይህን ሳናደርግ ልጅ ወንዝ ቢወስደው ግን ጥፋቱ የወፏ ሳይሆን የእኛ የትልልቆቹ መሆኑን ነው።